መብራት ከመጣ በኋላ የታተመው ካርድ

አቶ ተክለብርሃን ዲላ በሚገኘው የማተሚያ ሱቃቸው የኋላ ክፍል፣ ኮምፒውተራቸው ሥር ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸውን የመታቸው የወረቀት መብሻ ብረት አጠገባቸው ወድቋል።

ኢንስፔክተር ሶፍያ ስትደርስ ሳጅን ወልዱ ተጠርጣሪ ይዞ ጠበቃት። ሀዊ ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን በትርፍ ጊዜዋ ሱቁ ውስጥ በኮምፒውተር ትጽፋለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ከሱቁ ኮምፒውተር ተወስዶ ለሌላ ተማሪ ተሸጧል። ጠዋት ስለዚህ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። ሳጅኑ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በካቴና አስሮ፣ በሰው መሀል አምጥቷታል።

«ቃልሽን ፈርሚና ይቅለልሽ» አላት።

«አልፈርምም። ጮኼባቸዋለሁ፤ አሁንም ቢነሱ እጮህባቸዋለሁ። አልገደልኳቸውም።»

ሶፍያ መጀመሪያ ተከፍቶ የቀረውን የሟቹን ስክሪን አየች፤ ፎቶም አስነሳችው። ከዚያ የእህታቸውን ልጅ አሌክስን ጠየቀች። በፊተኛው ክፍል ተቀምጦ በአፕል ላፕቶፑ የሠርግ ካርድ የሚሠራው እሱ ነው። ከጭቅጭቁ በኋላ መብራት ጠፋ፤ ሀዊም ከኋላ ክፍል ወጥታ ሄደች አለ። ከዚያ ወዲህ የአጎቱን ድምፅ አልሰማም። መብራቱ ሲመጣ ሮሆቦት ለምትባል ሙሽራ ካርዷን አትሞ ሰጣት፤ በኋላ አጎቱን ለምሳ ሊጠራ ቢገባ ሞተው አገኛቸው።

«ሌላ ሰው ገብቶ ይሆን?»

«በእኔ በኩል ሳያልፍ የሚገባ የለም። ማንም አላለፈም።»

የሱቁን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው ጎሹ ከጠዋት ጀምሮ ጎረቤት ከተማ ወናጎ ሲሠራ እንደነበረ ምስክሮች ነበሩት። ሶፍያ ኮምፒውተሮቹ እንዴት እንደሚግባቡ ጠየቀችው።

«የአሌክስ አፕል፣ የሀዊ ሊኑክስ፣ የጋሼ ዊንዶውስ» አለ ጎሹ። «ሦስት አማት አንድ ቤት አስቀምጬ ነው የኖርኩት። ማተሚያው በገመድ የተያያዘው ከጋሼ ኮምፒውተር ጋር ብቻ ነው። ሁላችንም የምናትመው በእሳቸው በኩል ነው፤ የሁላችንም ፋይል የሚቀመጠው እዚያው ነው።»

«መብራት ከጠፋስ?»

«በመጣ ቁጥር ‹ጋሼ፣ ክፈቱልን!› እንላለን። የይለፍ ቃሉን ለማንም አይሰጡም። ሲጽፉት ጣታቸውን እንኳ ሲሸፍኑብኝ ነው የኖሩት።»

ሶፍያ ሙሽራይቱንና የሀዊን መምህር አነጋግራ ተመለሰች። ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸውና ጎሹ የሟቹን ኮምፒውተር አጥፍቶ እንዲያበራው አዘዘች።

«አሌክስ፣ አንድ ካርድ አትምልኝ።»

አሌክስ ላፕቶፑን ነካ። ማተሚያው ዝም አለ። የኋላው ስክሪን የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

«ዛሬ መብራት ከመጣ በኋላ ግን አትመሃል» አለች ሶፍያ። «ሮሆቦት ቆማ እያየች ነው የታተመላት። ማን ከፈተልህ?»

«ሌላ ሰው ከፍቶት ይሆናላ።»

«ማንም አላለፈም ብለሃል።»

«እኔ የይለፍ ቃሉን አላውቅም!»

«አታውቅም። የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው። እንግዲህ መብራት ሲመጣ አቶ ተክለብርሃን በሕይወት ነበሩ። ሀዊ ያን ሰዓት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሯ ፊት ተቀምጣለች። ጎሹ ወናጎ ነበር። እዚህ የቀረኸው አንተ ነህ። ስክሪናቸው ላይ ያገኘሁት የሀዊን ጽሑፍ ነው፤ የሌላ ተማሪ ስም ተደርጎበት፣ ለማተሚያው ካንተ ላፕቶፕ የተላከ። ጠዋት አላመኗትም። ከሄደች በኋላ ግን ራሳቸው ፈልገው አገኙት፤ ጠሩህም።»

አሌክስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሊያባርረኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በልጅቷ ነገር ሊያባርረኝ።»

ሳጅን ወልዱ የካቴናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ወደ ሀዊ ተጠጋ። እሷ የታሰሩ እጆቿን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«እዚህ አይደለም» አለችው።

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። ባጃጅ ነጂዎችና ተማሪዎች አስፋልቱ ዳር ተሰብስበዋል።

«በሰው ፊት ነው ያሰሩኝ» አለች፤ «በሰው ፊት ይፍቱኝ። ለምን እንደሚፈቱኝም ይናገሩ።»

ሳጅኑ ሶፍያን ተመለከተ።

«ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር» አለችው ሶፍያ።