ከጎንፋ ምድር ቤት

ተረት የሚመስለው ሰው ካለ ከአሁኑ ይለፈው። ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው...

ብሩክሊን ፓርክ፣ እቤቴ። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ውጭው በረዶ ነው፣ ፀሐዩ ግን ዓይን ይወጋል። በጠራራ ፀሐይ ነው የምላችሁ!

ሙሊሳ እባላለሁ። እኔና ጓደኛዬ ጎንፋ አንድ እብደት አለን። ፌስቡክ ሳይፈጠር የነበሩትን፣ ሰው መልእክት እየለጠፈ የሚያወራባቸውን የድሮ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች ለትርፍ ጊዜያችን እናንቀሳቅሳለን። የኔ ማሽን እዚህ ነው፤ የሱ ሌላ ከተማ፣ ሜፕልዉድ፣ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ። ማሽኖቹ መልእክት ይቀባበላሉ። የገባውን እየከፈተ በየቦታው የሚያስቀምጥ ደግሞ አንድ ፕሮግራም አለ።

ያን ቀን ያስቸገረኝ እሱ ነው።

ከጎንፋ ማሽን መልእክት ገባ።

«ሙሊሳ፣ አለህ?»

«አለሁ» ብዬ ላክሁ።

ትንሽ ቆይቶ... «ሙሊሳ፣ አለህ?»

ደግሞ ቆይቶ... ያው።

ሳቅሁ። ይሄን በሽታ አውቀዋለሁ። ፕሮግራሙ ሲበላሽ አንዱኑ መልእክት እየደጋገመ ያመጣል።

ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ... የተደጋገመ መልእክት የተጻፈበት ሰዓት አይቀየርም። የነዚህ ይቀየራል። እያንዳንዱ ገና አሁን የተጻፈ ነው።

«የማሽኑ ሰዓት ተበላሽቶ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ የገባው «ሙሊሳ፣ አለ» ብቻ ይላል።

ከዚያ... «ሙሊ»።

«አሃ! መልእክቱንም እየቆረጠው ነው!» አልኩ።

ባለቤቴ ሶሬቲ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ደውልለት እስቲ» አለች ቀስ ብላ።

«ለምኑ?»

«ስኳር ያለበት ሰው ነው። ያውም ብቻውን።»

«ማሽኑ ነው፣ ሶሬ! ሰውየው ምንም አልሆነም!»

ስልኬ እጄ ሥር ነበር። እጄ ሥር እኮ ነው! ግን እልኸኛ ነኝ፤ ፕሮግራሙን ሳላሸንፍ ከወንበሬ መነሳት ሞቴ ነው። ከጎንፋ የሚመጣውን ሁሉ ብሎክ አደረግሁት።

ጸጥ አለ።

ደስ አለኝ... አያችሁ፣ ደስ አለኝ!

ከዚያ በዘጋሁት መስመር አንድ ቃል ገባ።

«ለምን?»

ስክሪኑን አጠፋሁት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። የጎንፋ እህት ዳራርቱ ናት። ምግብ ይዛለት ሄዳ ነበር።

«ሙሊሳ... ቶሎ ና። ጎንፋ ወድቆ አገኘሁት።»

«ይተነፍሳል?»



«ቅድም ነው ያረፈው አሉኝ የአምቡላንስ ሰዎቹ። ገላው ገና አልቀዘቀዘም እኮ...»

እንዴት ድራይቭ እንዳደረግሁ አላውቅም። ስደርስ አስከሬኑን ወስደውታል። ዳራርቱ ይዛኝ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

ስልኩን ፎቅ ላይ ረስቶት ነበር። ከወንበሩ ሲወድቅ መነሳት አቅቶት፣ ኪቦርዱን በገመዱ ስቦ ወለሉ ላይ አውርዶታል። እዚያው ተኝቶ፣ መልሴን እንኳን ማየት ሳይችል ነው ሲጽፍልኝ የነበረው። ወይኔ ጎንፋ! እኔ ደግሞ ፕሮግራም እጠግን ነበር።

የአምቡላንስ ሰዎቹ እሱን ሲያወጡ መንገድ እንዳይዘጋባቸው ገመዱን ሁሉ ነቅለውታል። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

ዳራርቱ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማንንም ሳይጠራ ሞተ? አንተን እንኳን?»

እውነቱን ልነግራት ነበር የመጣሁት። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስለማመድ ነበር።

«አልጠራኝም» አልኳት።

ቀጭ...

«ምንድን ነው እሱ?» አለች በሹክሹክታ።

ቀጭ... ቀጭ...

ወደ ወለሉ አየሁ። የኪቦርዱ ገመድ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አጠገቡም ማንም የለም።

ቁልፎቹ ግን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ፣ ወደ ታች ይጫኑ ነበር...