ተሳታፊ አይወደድም

መጀመሪያ ያየሁት መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ ነው። የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ፣ ለዊልቸር ተብሎ የተሠራው መወጣጫ ሥር ተጋድሞ በሜትር ይለካል። መንገዴን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል።

«ወንድሜ፣ ወድቀህ ነው ወይስ እንቅልፍ ወስዶህ?» አልኩት።

ቀና ሲል ፊቱ አቧራ በአቧራ ነው። ዊልቸሬን አየ፣ ከዚያ ዓይኔን አየ፣ ዓይኔ ላይ ቆየ። ብዙ ሰው ዊልቸሩ ላይ ይቀራል፤ እኔ ጋ አይደርስም።

«ይቅርታ፣ ይሄ መወጣጫ እንዴት ነው? ይመችሻል?»

«መወጣጫ ነው እንዴ? እኔ ገደል መስሎኝ!»

ከት ብሎ ሳቀ። የዲዛይን ተማሪ ነው። መምህርታቸው ሕንፃውም ዕቃውም ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የሚያጠና የተማሪዎች ቡድን አቋቁመዋል፤ ከየትኛውም ትምህርት ክፍል የመጣ መግባት ይችላል። እሱን ሜትር ከኪሱ ስለማይለይ ጓደኞቹ «ሜትሩ» ይሉታል። ቡድኑ አንድ ሙሉ ቀን ዊልቸር ተውሶ፣ እየተፈራረቀ ተቀምጦ፣ ግቢውን ሲዞር ውሏል። ያገኙትን ውጤት በኩራት ነገረኝ።

«እጅ በጣም ያደክማል። ስለዚህ ቀለል ያለ ዊልቸር ልንነድፍ አስበናል።»

«እጅህን ያደከመህ አንድ ቀን ብቻ ስለተቀመጥክበት ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስነዳ ነው የኖርኩት፤ ና ትግል እንግጠም ብልህ ታፍራለህ። እኔን የሚያደክመኝ በሩ ነው። ወደ ራሴ ስስበው ዊልቸሩን ይመታዋል፣ ስለቀው ይዘጋብኛል።»

«ወይኔ!» አለ ግንባሩን ይዞ። «አንድም ተጠቃሚ ሳንጠይቅ እኮ ነው የጀመርነው።»

ሌላው ቢሆን ይከራከረኝ ነበር። ደስ አለኝና በዚያው ሳምንት የጥናቱ ተሳታፊ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲያ ከሕግ ትምህርቴ በተረፈኝ ሰዓት ሁሉ አብረን ነን። እኔ እሄዳለሁ፤ እሱ እየተከተለ ይጠይቃል፣ ይለካል። ዊልቸሬን ሳይጠይቀኝ ነክቶት አያውቅም። አንዳንዴ ጥያቄው ያልቅበትና ዝም ብለን እንቀመጣለን። ወደድኩት። ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ጉድ ነው የወደድኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርክሾፓቸው ውስጥ፣ ከወፍራም ካርቶን የሠራውን በር እየሞከርን ሳለ፣ እጀታው ላይ እጄ እጁን አገኘው። ሁለታችንም አላነሳንም። ዓይኑን ከዓይኔ መንቀል አቃተው። ከዚያ ድንገት «ለዛሬ ይበቃል» ብሎ ጥሎኝ ወጣ።

በማግሥቱ ሌላ ልጅ ተክቶ ላከልኝ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ስደውል አያነሳም፤ ካፍቴሪያ ውስጥ ሲያየኝ በሌላው በር ሹልክ ይላል።

ታላቅ እህቴ ፀጉሬን እየሠራችልኝ፣ «አዝኖልሽ ነበር እንጂ ወዶሽ አይደለም። የኔ እህት፣ ልብሽን ሰብስቢ» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ እንዳልጎዳ ተጨንቃ ነው። «አዝኖልሽ» የምትለዋ ቃል ግን እንደ እሾህ ተሰካችብኝ። መጣላቴ ካልቀረ ከባለጉዳዩ ጋር ይሁን ብዬ፣ ጠዋት ወርክሾፑ ሄድኩ።

ዕቃውን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር።

«አዝነህልኝ ከሆነ ፊት ለፊት ንገረኝ» አልኩት።

«ማዘን?» ደነገጠ። «እንዲህ ስትቆጪ እያየሁ ላንቺ የሚያዝን ልብ ከየት አመጣለሁ? ልነግርሽ ስላልደፈርኩ ነው። የጥናታችን ደንብ ጥብቅ ነው፤ አጥኚ ከተሳታፊው ጋር ፍቅር መጀመር አይችልም። እኔ ደግሞ አንቺን እያየሁ ማስመሰል አልቻልኩም። ስለዚህ ከቡድኑ ልወጣ ነው። መመረቂያ ሥራዬን እቀይራለሁ።»

ደስታና ንዴት አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚያደርጉ አትጠይቁኝ።

«ያን ሁሉ የደከምክበትን? ቆይ፣ ዊልቸሬን ልትነካ ስትል ታስፈቅደኛለህ፤ የሁለታችንን ጉዳይ ግን ብቻህን ትወስናለህ? ማን ሾመህ?»

እጁን ወደ ካርቶኑ ክዳን ሰደደ።

«ካርቶኑን እንዳትዘጋው፣ መጣሁ» ብዬው በቀጥታ መምህርታቸው ቢሮ ገባሁ።

«መምህርት፣ ከተሳታፊነት ወጥቼ አጥኚ መሆን እፈልጋለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የሕግ ተማሪ አይደለሽም እንዴ? እኛ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እናንተ ጥሩ በር ትነድፋላችሁ፤ አስተዳደሩ በጀት የለም ብሎ ንድፋችሁን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። በሩን እንዲቀይር የሚያስገድደውን ደንብ እኔ አረቅቃለሁ። ተሳታፊ ጎደለብኝ እንዳይሉ ደግሞ ጓደኞቼን አመጣለሁ፤ ምላሳቸው ከኔ ይብሳል።»

ሳቁ። «እንዳንቺ ያለ ሰው አጥተን ነበር። እስካሁን ከአንቺ የወሰድነው መረጃ ግን ከጥናቱ ይወጣል።»

«ይውጣ።»

«ሌላ ምክንያትስ የለሽም?»

«አለኝ እንጂ። ወርክሾፕ ውስጥ ካርቶን ታቅፎ ቆሟል።»

«እሱንማ ፊቱ ላይ ሳነበው ነው የከረምኩት» አሉ። «ነገሩ እንዳይደበቅ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው እኔ አሳውቃለሁ። ሂጂ።»

ስመለስ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ከዛሬ ጀምሮ ተሳታፊህ አይደለሁም፤ ባልደረባህ ነኝ። አሁን የምትለውን በል» አልኩት።

በርጩማ ስቦ ከፊቴ ተቀመጠ፤ ዓይናችን እኩል ሆነ።

«እወድሻለሁ» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

«እኔም እወድሃለሁ። ይህችን ለማለት ነው ያን ሁሉ ቀን የሸሸኸኝ?»

«ፈርቼ ነው። ሁሉን ነገር ብቻዬን መወጣት ለምዶብኛል። አሁንም ከዚህ ወዲያ እንዴት እንደሚኬድ አላውቅም።» እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እርጂኝ።»

«ልርዳሽ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ በየበሩ፣ በየደረጃው፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ። «እርጂኝ» ብሎኝ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።