የእስረኛው ጭረቶች

«እስቲ አንቺ ንገሪያቸው፤ የአስጎብኚ ልጅ አይደለሽ!» አሉ የታሪክ አስተማሪዋ፣ የባትሪውን ብርሃን ግድግዳው ላይ ወዳሉት ጭረቶች እያዞሩ።

የክፍሏ ልጆች ሁሉ ዞረው አፈጠጡባት። ኮረብታው አናት ላይ ካለው ጥንታዊ ግንብ ማማ ሥር በተቆፈረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል። መስኮት የለም፣ በር የለም። ጣራው ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ፤ በእሱ መሰላል ወርዷል፤ ከላይ አባቷ አጎንብሶ ያያል።

ታሪኩን በእንቅልፍ ልቧም ትወጣዋለች። አባቷ ሃያ ዓመት ሙሉ ለጎብኚ ሲያወራው ኖሯል፦ በድሮ ዘመን አንድ ሰው በዚህ ቀዳዳ ተወረወረ፣ ያለፈውን እያንዳንዱን ቀን ግድግዳ ላይ እየጫረ አሥራ አንድ ዓመት ታሰረ። ጎብኚው ያንን አቀበት እያለከለከ የሚወጣው ለዚህ እስረኛ ሲል ነው። እሷም ይህንኑ ጽፋ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች።

ጣጣው የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ግንቡን የሚጠግኑት ሽማግሌ ግንበኛ መሣሪያ እንድታቀብላቸው እዚሁ ይዘዋት ወረዱ።

«ይቺን ማዕዘን ዳብሻት» አሏት። «ክብ ናት አይደል? ልስኑም ወፍራም ኖራ ነው። ውሃ እንዳያሰርግ ነው እንዲህ የሚሠራው። የጣራው ዝናብ በቦይ ወርዶ እዚህ ይጠራቀማል፤ ጠላት ግንቡን ሲከብብ ነዋሪዎቹ ይሄን ይጠጣሉ።»

«እስረኛውስ?»

«የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ሰው ያስራሉ እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ሳቁ። ጭረቶቹን በጣታቸው ሲከተሉ ግን ሳቃቸው ተቋረጠ። ጭረቶቹ ኖራውን አልፈው ሲሚንቶ ላይ ቀጥለዋል። «ይሄን ሲሚንቶ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ አባትሽ ሥራ በጀመረበት ዓመት» አሉ። ጭረቶቹ የማን እጅ ሥራ እንደሆኑ ገባት። እስከ ዛሬ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«ምነው፣ እስረኛው ምላስሽን ወሰደው እንዴ?» አለ ለፍላፊነቱ «ሬድዮ» ያስባለው ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ታመሰ።

«በይ አትፈሪ» አሉ አስተማሪዋ። «ጽሑፍሽን ለውድድር ልልከው እኮ ነው።»

ብትዋሽ ውሸቱ ከእንግዲህ የራሷ ነው። እውነቱን ብታወጣ አባቷን በዚህ ሁሉ ልጅ ፊት ልታዋርደው ነው፤ አባቷን ደግሞ ትወደዋለች። ሮጣ እንዳትወጣ፣ መውጫው ላይ ያለው እሱ ነው።

«የጻፍኩት ስህተት ነው» አለች በመጨረሻ። «ይሄ እስር ቤት አልነበረም። የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።» ማዕዘኑን፣ ኖራውን፣ የቦዩን አፍ እየነካች አሳየቻቸው። አስተማሪዋ ጠጋ ብለው ዳሰሱት።

«እና ጭረቶቹን ማን ጫራቸው? ዓሣ?» አለ ሬድዮ።

በዚህኛው እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ቀና አለች።

«አባዬ» አለች። «እሱን አንተ ብትነግራቸው ይሻላል። ና ውረድ።»

አባቷ ፊቱን ከቀዳዳው መለስ አደረገ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚሄድ መሰላት፤ ቢሄድም እንደማትፈርድበት አወቀች።

«መጣሁ» አለ አባቷ።

በመሰላሉ ወረደ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ቦታ ለቀቁለት። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ሲናገር አጠገቡ ልትቆም ወስናለች።