ፒስተን ገደለው የተባለው ሰው

መካኒኩ አስናቀው ፀዳ ከተማ በሚገኘው ጋራዡ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ግንባሩ መሐል ለመሐል ሰርጉዷል፤ ደሙ ዓይኖቹን ሞልቶ፣ በጢሙ ወርዶ፣ ሲሚንቶው ላይ ከተደፋው ዘይት ጋር ተለውሶ ጠቁሯል። ከራሱ አጠገብ ከአውራ ጣት ወፈር የምትል፣ በደም የተነከረች የፍሬን ፒስተን ወድቃለች። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የንፋስ ኮምፕሬሰሩ ቱቦ ጫፉ በሞተር ሳይክል ፍሬን ካሊፐር፣ ፒስተኖቹ በሚቀመጡበት የብረት ቤት፣ ውስጥ እንደተሰካ ነው።

ኢንስፔክተር ይርገዱ ከደሙ ፈንጠር ብላ ቁጢጥ አለች።

«ምን አገኘው?»

«ፒስተኗን በንፋስ ሊያስወጣት ሲል ተፈናጥራ መታችው» አላት ሙሉቀን። የሟቹ ሚስት ወንድም ነው፤ እዚያው ጋራዥ ይሠራል፤ ጠዋት በሩን ከፍቶ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። «የተጣበቀ ፒስተን በንፋስ ሲገፉት እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።»

«እውነቱን ነው» አለ የጋራዡ ሸሪክ ሷሊሕ፣ ዓይኑን ከሬሳው እያሸሸ። «እኔም አንድ ጥርሴን ያጣሁት በዚሁ ነው። አስናቀው ግን እንዳትፈናጠር ሁልጊዜ ከፊቷ እንጨት ያስደግፍ ነበር። ምን እንደነካው አላህ ይወቅ።»

ሞተር ሳይክሉ የማን እንደሆነ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ባለፈው ወር ሙሉሰው የሚባል ወጣት ፍሬኑን እዚህ ጋራዥ ባሠራ በሳምንቱ፣ በትክል ድንጋይ መንገድ ቁልቁለት ላይ የፊተኛው ጎማ ቀጥ ብሎበት በአናቱ ተተክሎ ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ላቀው የአስናቀውን ደም ሳያይ ፀጉሩን እንደማይላጭ ማለ። ሽማግሎች ገቡበት። አስናቀውም «ሞተሩን አምጡልኝና ፍሬኑን ፈትቼ ልየው፤ ጥፋቱ ከእኔ ቤት ከሆነ በአደባባይ ድንጋይ ተሸክሜ እለምናለሁ» አለ። ያገኘውን ለሽማግሎቹ የሚያሳይበት ቀጠሮ ለዛሬ ነበር።

የሽማግሎቹ አለቃ አያ ውዱ ይርገዱን ወደ ግቢው ጥግ ሳብ አደረጓት።

«ልጄ፣ ሰው ገደለው ካልሽ ጣቱ ሁሉ ላቀው ላይ ነው የሚቀሰር። የአስናቀው ወገን ከዛሬ አያሳድረውም። የላቀውም ወገን ዝም አይልም። አደጋ ነው በይና ገላግይን።»

ይርገዱ አባቷን በደም መመላለስ ያጣች የአርማጭሆ ልጅ ናት። በልጅነቷ የሰማችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ። የሽማግሌውን ልመና መቀበል አማራት፤ በማማሩም በራሷ ተናደደች።

«አያ ውዱ፣ ገዳዩን አደጋ ብለን ብንቀብረው ነገ ሌላ ይገድላል» ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ካሊፐሩን አነሳች። ለሁለት ፒስተን የተሠራ ነው፤ አንደኛዋ በቦታዋ ገብታለች፤ የሌላኛዋ ጎሬ ባዶ ነው። ጣቷን በባዶው ጎሬ ውስጥ አዞረች። ዙሪያውን የሚከበው ቀጭን ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት፣ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ነው።

«ጋሽ ሷሊሕ፣ ይሄ ጎሚኒ አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው።»

ጣቷ ላይ የቀረውን ቢጫ ነገር አሸተተችው፤ በመሐረቧ ጠረገች። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መሣሪያዎች ሁሉ ዘይት ለብሰዋል፤ አንዲት መዶሻ ብቻ በቤንዚን ታጥባ ነጥታለች። ይርገዱ መዶሻዋን አሳሽጋ ሬሳውን ወደ ሐኪም ቤት ላከች።

ላቀው ከጋራዡ ውጪ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ፀጉሩ ተንጨብርሯል፤ ሽመሉን አልለቀቀም።

«አያ ላቀው፣ ትናንት እዚህ መጥተው ነበር ይባላል።»

«መጥቻለሁ። የወንድሜን ሞተር ራሴ ጭኜ አመጣሁለት።»

«ገደሉት?»

«አልገደልሁትም። ዛሬ ሽማግሎቹ ፊት ካልረታኝ ግን እገድለው ነበር። ምነው ልዋሽሽ?»

የሟቹ ሚስት አባይነሽ ከጎረቤት ሴቶች መሐል ተቀምጣለች። ፊቷን ነጭታ ደም በደም ሆናለች። ይርገዱ አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ትናንት ምን ነገረሽ?»

«ለምሳ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ይቺን በመሐረቡ ጫፍ ቋጥሮ ‹ለነገ አስቀምጪልኝ› አለኝ። ምንድን ናት ስለው ‹ምነው ከሌላ ሰው እጅ በሆነ› ብሎ ምሳውን ሳይነካ ወጣ። ማታም አልተመለሰም፤ ሥራ ሲበዛበት እዚያው ያድር ስለነበር አልጠረጠርሁም።»

ይርገዱ ቋጠሮውን ፈታችው። አሮጌ ጥቁር ጎሚኒ ነው፤ ውኃ እንደጠጣ ባቄላ አብጧል።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የደሙ ቦታ አፈር ተነስንሶበታል። ሽማግሎቹ በአግዳሚው፣ ላቀው በበሩ በኩል፣ አባይነሽ በሁለት ሴቶች ተደግፋ። ጠረጴዛው ላይ የተፈቱ ሁለት ካሊፐሮች ተቀምጠዋል።

«የአስናቀው ሥራ በጅምር ቀርቷል። ሽማግሎቹ ፒስተን እንዴት እንደሚገባ ይዩ። ጋሽ ሷሊሕ፣ ሙሉቀን፣ በየበኩላችሁ አንዳንድ ፒስተን አስገቡልኝ» አለቻቸው።

ሷሊሕ ጣቱን የፍሬን ዘይት ውስጥ ነከረ፤ ጎሚኒውን ዙሪያውን አራሰ፤ ፒስተኑን ቀጥ አድርጎ በሁለት አውራ ጣቶቹ ገፋት። ገባች። ሙሉቀን የፍሬን ዘይቱን አልፎ ከመደርደሪያው ግራሶ የሚባለውን ወፍራም ቅባት ከነቆርቆሮው አወረደ። ቢጫውን ግራሶ በጣቱ ዝቆ ጎሚኒውን ደህና አድርጎ ለቀለቀ።

«ኧረ ተው!» አለ ሷሊሕ ሳያስበው። «ግራሶ ለሚሽከረከር ብረት ነው፤ ጎሚኒ ያሳብጣል ብሎ አስናቀው ስንቴ ተቆጥቶህ የለም?»

የሙሉቀን እጅ አየር ላይ ቀረ።

ይርገዱ ድምጿን ሳትለውጥ ቀጠለች። «አስናቀው ፒስተን በንፋስ ሲያስወጣ አልሞተም። ጎሚኒ የሚቀየረው ፒስተኑ ከወጣ በኋላ ነው። በዚህ ካሊፐር ባዶ ጎሬ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አዲስ ነው። ስለዚህ ፒስተኗ አስቀድማ ወጥታ ነበር። የወጣን ነገር በንፋስ ላስወጣ የሚል ሰው የለም። ንፋሱን የሰካው፣ ፒስተኗንም በደም የለወሳት ሌላ ሰው ነው።»

«ማን?» አሉ አያ ውዱ።

«አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች መደበቅ የፈለገ ሰው። አያ ላቀው አስናቀውን ለመግደል ምክንያት ነበራቸው። ጎሚኒ ለመደበቅ ግን ምን ምክንያት አላቸው? የወንድማቸውን አሟሟት የምትመሰክርላቸው እሷው ናት።» ያበጠችውን ጎሚኒ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ይቺ ግራሶ ጠጥታ አብጣለች። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሲግል ፒስተኑን አንቃ ያዘች፤ ፊተኛው ጎማ ቆመ። አስናቀው ፈትቶ ሲያያት የማን እጅ እንደሆነ አወቀ። ‹ምነው ከሌላ ሰው እጅ በሆነ› ያለው ለዚህ ነው። ገዳዩ ግንባሩን በመዶሻ መትቶ መዶሻዋን አጠበ፤ አሮጌዎቹን አስወግዶ አዲስ አስገባ። አንዷ ግን አስቀድማ አባይነሽ ዘንድ ደርሳ ነበር።»

መሐረቧን ዘረጋችው፤ ቢጫው እድፍ ሁሉም ታየው።

«አዲሶቹንም ሲያስገባ እጁ የለመደውን ሠራ። ግራሶ ቀባቸው።»

ሁሉም ወደ ሙሉቀን ጣቶች አየ።

«የሚስትህ ወንድም ነኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ!» ብሎ ጮኸ ሙሉቀን። «ዝም በለኝ አልሁት! የሙሉሰውን ደም በእኔ ላይ ሊያራግፍ!»

ከጠረጴዛው ትልቁን ብሎን መፍቻ ነጥቆ ወደ ይርገዱ ዘለለ። ይርገዱ ዘወር ስትል ብረቱ ትከሻዋን ቦጭቆ አለፈ። ሁለተኛውን ሳይሰነዝር የላቀው ሽመል ክንዱ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር በሩ ላይ ላሉት ሁሉ ተሰማ። ሙሉቀን በጉልበቱ ወደቀ። ላቀው ሽመሉን እንደገና አነሳ፤ ይህኛው ለራስ ቅሉ ነበር። ወሩን ሙሉ የጠበቃት ደቂቃ ይቺ ነበረች፤ ፖሊሶቹም ሩቅ ነበሩ።

«በሕግ አምላክ!»

የጮኸችው አባይነሽ ናት። ደጋፊዎቿን ጥላ መሐል ገብታለች። ላቀው ሽመሉ እንደተነሳ ደርቆ ቀረ።

«ባልሽን የገደለ ነው» አላት።

«አውቃለሁ። ለሱ ብዬ አይደለም። ልጆቼ የአጎታቸውን ገዳይ ሲያስሱ እንዳያድጉ ብዬ ነው። ሕግ ይውሰደው።»

ወንድሟ «እህቴ» አላት ከመሬት። ዞራ አላየችውም። ፖሊሶቹ ጎትተው አወጡት።

ላቀው ሽመሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። 

«ሬሳው መቼ ነው ከሐኪም ቤት የሚወጣው?» ብሎ ይርገዱን ጠየቃት።

ይርገዱ ትከሻዋን በመዳፏ ጨምቃ ይዛለች። «ዛሬ፣ ሳይመሽ።»

ላቀው ወደ አባይነሽ ዞረ፤ ዓይኗን ማየት ግን አልቻለም።

«ካልከፋሽ የቃሬዛውን ፊት እኔ ልያዝ» አላት።

አባይነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከነጠላው ሥር «ያዝ» አለችው።