ሰባተኛው በር እስኪመልስ

ንጉሥ ዘርጋው ሕዝብ ተነሥቶበት ከናሁራ የሸሸ ዕለት ሰባቱ ወንዞች ወደ ኋላ ፈሰሱ። ንጉሥ ሲሸሽ ወንዝ ቢደነብር ምን ይገርማል፤ የሚገርመው ሌብነቱ ነው። «ዝናም» የሚባለውን የአገሩን ነጋሪት ሰርቆ በጉርምጥ ገደል ሸሸገው። በናሁራ ሕግ ሥልጣን ከንጉሥ ወደ ሕዝብ የሚወርደው፣ ዝናም ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ ሰባቱም የከተማ በሮች መለከት ነፍተው እስኪመልሱለት ሲመታ ነው። እጅ ካረፈ የበሮቹ ጭፍሮች ለንጉሡ ይከፍታሉ። ቆዳውም ከአንድ ቤት ዘር በቀር ለማንም አይናገርም።

ከዚያ ቤት የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ ደረቱን የታመመው አያ ልመንህና ልጁ አንጓች።

«ሂጂና ነጋሪቱን አምጪ» አላት አባቷ፣ ደም የነካውን ጨርቅ ከመደቡ ሥር እየሸጎጠ። «እኔ እንደሆንሁ ለመሞት አልቸኩልም።»

«ማን ያስታምምዎታል?»

«አስረበብ አለች። ሾርባዋ ካልገደለኝ እቆይሻለሁ።»

«ራስህ ቀቅላት እንግዲህ» አለች ጎረቤቲቱ እትዬ አስረበብ።

አንጓች ንጉሡን ከከዳው ወታደር ከጎሹ ጋር ሦስት ቀን ቁልቁል ተጓዘች። ከገደሉ ሥር ዓይን የሌለው አውሬ፣ ጥልመት፣ ነጋሪቱን አቅፎ ተኝቷል። ጥልመት የሚበላው ሥጋ አይደለም፤ የሰው ድምፅ ነው። አንጓች ድምፅዋን ልትሰጥ ስትጠጋ ጎሹ ገፍትሮ ቀደማት።

«በናሁራ አፈር እምላለሁ፤ ይህ ድምፅ ለንጉሥ ብዙ ዋሽቷል። እንካ፣ ብላው።»

የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ሆነ፤ ጥልመትም ድምፁን ውጦ ነጋሪቱን ለቀቀ።

በሰባተኛው ቀን ንጋት ነጋሪቱን ይዘው ደረሱ። አንጓች ወደ ቤቷ ልትታጠፍ ስትል የሸንጎው አለቃ አዛዥ ወንድይራድ መንገዷን ዘጋ።

«የንጉሡ ጦር ከኮረብታው ላይ ነው። ዛሬ ካልተመታ ነገ የለም።»

«አባቴን አይቼ ልምጣ። ምራቅ ሳይደርቅ እመለሳለሁ።»

«አገር የሚጠፋውም ምራቅ ሳይደርቅ ነው።»

ሸንጎ መልስ አያጣም፤ የሚያጣው መድኃኒት ነው። አንጓች ጎሹን ወደ ቤቷ ልካ ማማው ላይ ወጣች፤ መታችም። አንደኛው በር መለሰ፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ረፋዱ ላይ ጎሹ ተመልሶ ከሥር ቆመ።

«አለ?» አለች እጇ ሳያርፍ።

ጎሹ አዎን ሲል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጭኑን በሁለት እጁ መታ፤ ቀኙን ቶሎ፣ ግራውን ዘግየት አድርጎ። ግራ እጇን በጣቱ አመልክቶ ፊቱን እንደ ሽማግሌ አጨማደደ። ገባት። ያ ሰውዬ በሞት አፋፍ ተኝቶም ግራ እጅሽ ይጎተታል ይላታል። ሳቋ መጣ፤ ግራዋንም አፈጠነች። አራተኛው በር መለሰ።

ቀትር አልፎ ስድስተኛው ሲመልስ መዳፏ ተልጦ ነበር። ጎሹ ዳግመኛ መጣ። አሁን ኩታውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል። እጁንም አላነሣም።

ምን ታድርግ? ብታቆም የመለሱት ስድስቱ በሮች ሳይቀሩ ለንጉሡ ይከፈታሉ። ብታለቅስ እንባ የሚጠርግ እጅ የላትም። ስለ አገር ፍቅር መታች እንዳይባል፤ ማቆሚያ አጥታ ነው የመታች። ሰባተኛው በር ዳተኛ ነበር፤ ጥላ ሲረዝም መለሰ። የንጉሡ ጦር ፊቱን አዙሮ ሸሸ።

ሕዝቡ ማማው ላይ ወጥቶ በትከሻው አነሣት።

«ወደ ቤቴ» አለች። ሰው ሁሉ ስሟን ይጠራ ነበርና ከአዛዥ ወንድይራድ በቀር ማንም አልሰማት።

«ልጄ» አላት፣ «ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ ልጅ ነሽ። ሕዝብ ቃልሽን ይጠብቃል።»

«የሞተብኝ ሕዝብ አይደለም።»

አዛዡ ለተሸካሚዎቹ በእጁ ቤተ መንግሥቱን አሳያቸው። ጎሹ እግሯን ይዞ ወደ ቤቷ መንገድ ጎተተ፤ ሰካራም መስሏቸው ገፈተሩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዙፋኑ ተሰበረ፤ አንጓችም በስባሪው ላይ ቆመሽ ተናገሪ ተባለች። አያ ልመንህን ጎረቤት ገነዘው።