ሕልም የምንሰማበት ጠረጴዛ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ...

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እንግሊዝ አገር፣ ሱመርሴት ውስጥ፣ በትንሿ ከተማችን አዳራሽ፣ የአስማትና የኮከብ ቆጠራ ባዛር ላይ።

ካርድ ገልጦ ዕድል ነጋሪው፣ ሙታን አነጋጋሪው፣ የፈውስ ድንጋይ ሻጩ ሁሉ እዚያ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ወናዋን ቀርታለች። ሴቷ ቄሳችን ፔትራ «ሰው ካልመጣልን እኛ እንሂድለት» አለችና ጠረጴዛ ዘረጋን። ሕልም በነፃ እንሰማለን። ሕጓ ቀላል ነው፦ አትከራከሩ፣ አታስፈራሩ፤ ሰምታችሁ «እግዚአብሔር በሩን ይክፈትልህ» ብላችሁ መርቁ።

ልጄ ታምሲን ትኩሳት ይዟት ከአባቷ ጋር ቤት ቀርታለች። ልቤ እሷ ጋ ነበር።

መጀመሪያ አንዲት ወጣት መጣች። በሕልሟ አንድ ቢጫ በር ስታንኳኳ ማንም አልከፈተላትም።

የእኛም በር ቢጫ ነው። ፈገግ ብዬ መረቅኳት።

ቀጥሎ የመጣው ጎልማሳ ግን በቢጫው በር ገብቷል። ደረጃው ሥር ቀይ የልጅ ቦት ጫማ አይቷል... አንድ እግር ብቻ።

ሌላኛውን ውሻችን አኝኮታል።

ክው አልኩ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ይጠብቃል። ምን ልበለው? አፌ እንደለመደው መረቀው።

ሦስተኛው ድምፃቸው የጎረነነ ሽማግሌ ነበሩ።

«ደረጃውን ወጣሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ልጅቷ ትኩሳት አለባት። የክፍሏ በር ግን... አልከፈት አለኝ።»

እጄን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰብኩ።

«መርቂኝ እንጂ፣ ልጄ።»

«አልመርቅም።»

ልነሳ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ።

ፔትራ ከኋላዬ መጣች። ፊቴን አይታ የደከመኝ መስሏት ትከሻዬን ዳበሰችኝ። ከዚያ እጇን ሽማግሌው ራስ ላይ ጫነች።

ተይ ልላት ነበር። ቀደመችኝ...

«እግዚአብሔር በሩን ይክፈትልዎ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ባሌ ኮሊን ነው፤ ያንሾካሽካል።

«ሂላሪ... ታምሲን ክፍል ውስጥ ማነው ያለው?»

«ግባና አውጣት። አሁኑኑ።»

«በሩ አልከፈት አለኝ።»

አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው። ለማን እንደምነግር፣ ምን ብዬ እንደምነግር ጠፋኝ። ቤቴ ሩቅ ነው። እናት ሆኜ ስልክ ጆሮዬ ላይ ከመለጠፍ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

በስልኩ ውስጥ የልጄ ሳቅ ተሰማኝ። ቀጥሎ የጎረነነ የወንድ ድምፅ... ቀስ ብሎ ተረት ሲያወራላት።

ፊት ለፊቴ ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነው።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል...