ደብተሩ ላይ የተጻፈው ሳቅ

ኮዙዌ አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ ሌላውን ሳታወልቅ ቆማ ቀረች። እጇ ላይ ያለው በሩ አጠገብ ጫማ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው ደብተር ነው። ተንከባካቢዋ ናጋሴ በሳምንት ሦስት ጠዋት እየመጣች የኮዙዌን አያት እማማ ፉሳን ታጥባለች፣ ምግብ ትሠራለች፣ ከዚያ የሆነውን ሁሉ ለቤተሰቡ ጽፋበት ትሄዳለች።

«ማክሰኞ። ሩዝ ግማሽ ሳህን፣ ዓሣ፣ ሾርባ። የደም ግፊት ደህና። እማማ ፉሳ ትናንት አመሻሽ ላይ ከልጅ ልጃቸው ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጫወቱና ሲስቁ ነበር።»

«የምን ሳቅ?» አለች ኮዙዌ ለራሷ።

ትናንት ከጠረጴዛ ቴኒስ ልምምድ ስትመለስ ማዳመጫዋ ጆሮዋ ላይ ነበር። «መጣሁ» ብላ ቀጥ ብላ ፎቅ ወጣች። በቃ፣ ይኸው ነው። ገጹን ወደ ኋላ ስትገልጥ የባሰ አገኘች። የቅዳሜው ጽሑፍ «ትናንት አመሻሽ መንደሪን እየላጡ ስለ ትምህርት ቤት አወሩ» ይላል። ዓርብ ዕለት እኮ ኮዙዌ ሌላ ከተማ ውድድር ላይ ነበረች።

ይቺ ሴትዮ ዓይኗን በጨው ታጥባ ነው እንዴ የምትዋሸው? በዚህ የዋሸች በሌላውስ? መድኃኒቱን ሰጥቻለሁ የምትለውስ?

ወጥ ቤት ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። ዕቃ ማድረቂያው ላይ ሁለት ኩባያዎች ተደፍተዋል። አንዱ የአያቷ ነው። ሌላው ጥንቸል የተሳለበት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የራሷ የኮዙዌ ኩባያ ነው፤ እሷ ከተወችው ዓመት አልፎታል። ጭራሽ በኔ ኩባያ ሻይ ትጠጣለች ብላ በገነች። ሳሎን ውስጥ አያቷ ቴሌቪዥን ከፍታ ተቀምጣለች። ኮዙዌ በበሩ አልፋ ወደ ክፍሏ ወጣችና ለጓደኛዋ ለማዶካ ደወለች።

«እየፎገረቻችሁ ነው ባክሽ» አለች ማዶካ። «ሐሙስ የከተማው ሰው ይመጣል አላልሽም? እሱ ፊት እጅ ከፍንጅ ያዣት።»

የከተማው ሰው፣ አቶ ጹኩዳ፣ በዓመት አንዴ የኑሮ ጥራት መጠይቁን ይዞ ይመጣል። ስለ በሽታ ብዙም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስለ ኑሮ ነው። ደስ ብሎዎት ይውላሉ? የሚያጫውትዎት አለ? በመልሱ ነው ናጋሴ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትመጣ የሚወሰነው። ዘንድሮ ኑሯቸው ደህና የሆነ አዛውንቶች ቀን ይቀነስባቸዋል ተብሏል። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የሚመጣው ለእሑድ ብቻ ነው። ናጋሴ ከቀረች አያቷን ቀን የሚያያት ሰው የለም። ኮዙዌ ግን ያን ያህል አላሰበችም፤ ሐሳቧ ሁሉ ውሸታሟን ማጋለጥ ላይ ነበር።

ሐሙስ ትምህርት ግማሽ ቀን ስለነበር በጊዜ ደረሰች። በሰፈሩ «ጠያቂ ሲመጣ ሽማግሌ ሁሉ ጎረምሳ ይሆናል» ይባላል፤ አያቷም ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ፣ የበዓል ሹራቧን ለብሳ፣ ምርኩዟን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃ ነበር የጠበቀችው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ለእንግዳው ሻይ ስታቀርብ፣ ለመጠይቁ ብላ የቆየችው ናጋሴ እጇን ዘርግታ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች።

«እማማ፣ ባለፈው ወር ብቸኝነት ተሰምቶዎት ያውቃል?» አለ ጹኩዳ እርሳሱን አዘጋጅቶ።

«ለብቸኝነት ጊዜው የት አለኝና» አለች አያቷ። «ይቺ ልጅ በየቀኑ አመሻሽ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታጫውተኛለች። አያምኑኝም? ደብተሩን ይዩት።»

ኮዙዌ ያዘጋጀችውን ልትናገር አፏን ከፈተች። ናጋሴን አየቻት። ሴትየዋ አንገቷ ቀልቶ፣ ወለል ወለሉን እያየች የእጅ ፎጣ ትጠመዝዛለች። ያን ጊዜ ኮዙዌ ክው አለች። ናጋሴ የምትመጣው ጠዋት ነው። የአመሻሹን ማን ነገራት?

የጥንቸሉ ኩባያ ትዝ አላት። አያቷ በየቀኑ ሁለት ሻይ ትቀዳለች፤ አንዱ ሳይነካ ያድራል፤ ጠዋት ናጋሴ ደፍታ ታጥበዋለች።

«እውነት ነው የኔ ልጅ?» ጹኩዳ ወደ እሷ ዞረ። «የሚያጫውትዎት አለ ለሚለው ‹ሁልጊዜ› የሚለውን ላክብብ?»

አያቷ በዓይኗ ለመነቻት። አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ ብትል ግን የናጋሴም ቀን ይቀነሳል፣ ሻዩም ይበርዳል።

«አይደለም» አለች ኮዙዌ። «ጆሮዬን ደፍኜ ክፍሌ ነው የምገባው። እማማ ብቻዋን ነው የምታመሸው። ምርኩዟም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።»

ጹኩዳ ለብቸኝነቱ ጥያቄ የጻፈውን በላጲስ አጠፋ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለች አያቷ፣ ቀስ ብላ።

ጹኩዳ ከመሄዱ በፊት ሦስቱ ቀን እንደማይነካ ነገራቸው። ናጋሴ ጫማዋን ስታደርግ ኮዙዌ አጠገቧ ቆመች።

«እትዬ ናጋሴ፣ እርስዎ ነዎት የሚዋሹት ብዬ ነበር።»

«እኔም ዋሽቻለሁ» አለች ናጋሴ። «ጻፊልኝ አሉኝ። በመጣሁ ቁጥር ያን ሻይ እያየሁ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

አመሻሽ ላይ አያቷ ቴሌቪዥኑን ከወትሮው ከፍ አድርጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ኮዙዌ ማዳመጫዋን ጫማ መደርደሪያው ላይ ትታ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ገባች። የአያቷ ኩባያ ብቻ ነበር ጠረጴዛው ላይ ያለው። ወጥ ቤት ሄዳ የጥንቸሉን አመጣችና ከጎኑ አስቀመጠችው። አያቷ ዞር ብላ አላየችም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ግን ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

ኮዙዌ ከመተኛቷ በፊት የናጋሴን ደብተር ገልጣ ከጽሑፏ ሥር አንድ መስመር ዘለለችና ጻፈች።

«ሐሙስ አመሻሽ። እማማ አኩርፋኛለች። አልሳቅንም። ‹ሻዩ እንዳይበርድ› አለችኝ፣ ሌላ አልተናገረችም። ሻዩን ጠጣሁት።»